ቤት ሲቀየር ዕቃ ቢሰረቅ ማን ይጠየቃል?

ለክቡራን ደንበኞቻችን
ደሴ

ጉዳዩ፦ በዕቃ ማጓጓዝ ወቅት ስለሚደርስ ስርቆት ኃላፊነት

«መንገድ ላይ ቢሰረቅብኝ ትከፍላላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ዕቃው በጠፋበት ሰዓት በማን እጅ ነበር በሚለው ይወሰናል።

ቆጥረን ከተረከብንበት ጊዜ አንሥቶ ቆጥረን እስክናስረክብ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ቅጥር ሠራተኛችን በሥራው ላይ ሳለ ቢሰርቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2130 ድርጅቱን ስለሚጠይቅ «ልጁን ክሰሱ» ብለን አናመልጥም። ሌባው የውጭ ሰው ቢሆንስ? ቁጥር 1792 እና 1793 ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ነጻ ያወጣሉ፤ የሌላ ሰው ድርጊት ግን ነጻ የሚያወጣው አስቀድሞ የማይታሰብ ሲሆን ነው። አይሱዙው ሸዋ በር ላይ ሸራው ሳይታሰር ቆሞ፣ ሾፌሩ ምሳ ሲበላ ሌባ ቴሌቪዥን ቢያወርድ ይህ የማይታሰብ ነገር አይደለም። እንከፍላለን።

ጭቅጭቅ የሚበዛው በጫኝና አውራጅ ነው። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ የሰፈሩ ልጆች «የምናወርደው እኛ ነን» ብለው ይመጣሉ። ዋጋ ተነጋግረው የሚከፍሏቸው እርስዎ ከሆኑ የእኛ ሠራተኞች አይደሉም፤ ከመኪናው እስከ ሳሎን ድረስ ለሚጠፋው እኛን መጠየቅ ይከብዳል። ስለዚህ ዕቃው ከመውረዱ በፊት መኪናው ላይ እንዳለ ይቁጠሩ፤ አንድ ሰው መኪናው ጋ፣ ሌላው በር ላይ ይቁም። ማውረዱ በውላችን እንዲካተት ከፈለጉ ከጉዞው በፊት ይንገሩን፤ ያኔ ኃላፊነቱም ወደ እኛ ይዞራል።

ክርክር የሚረታው በዕቃ ዝርዝር ነው። በ2 ቅጂ ይዘጋጅና ሲጫንም ሲራገፍም ይፈረም። «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል መስመር ፍርድ ቤት ቀርቦ ምንም አይረዳም፤ «ካርቶን 7፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ በፕላስተር የታሸገ» የሚለው ይረዳል። የቴሌቪዥንና የላፕቶፕ ሴሪያል ቁጥር ይመዝገብ፣ ፎቶም ይነሣ። ራስዎ ያሸጉትን ሳጥን የምንረከበው እንደ አንድ ሳጥን ነው፤ እሽጉ ሳይነካ ከደረሰ ውስጡ ነበር የሚባለውን ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ይሆናል። ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ የቤት ካርታና ፓስፖርት በእጅዎ ይያዙ። ወርቅ በጋቢ ጠቅልሎ ማዳበሪያ ውስጥ መክተት የተለመደ ቢሆንም፣ ማዳበሪያውን የሚያነሣ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል።

ዕቃ ከጎደለ መኪናው ሳይሄድ የጎደለውን ማስረከቢያው ላይ ጽፈው ሾፌሩን ያስፈርሙ። «ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ» ብለው ከፈረሙ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ለፖሊስ በዚያው ቀን ያመልክቱ፤ በአደራ የተረከበ ሰው አስቀርቶት ከሆነ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል፣ ሌላ ሰው ወስዶት ከሆነ አንቀጽ 665 ስርቆት ይባላል። ሌባው ባይያዝም ከእኛ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ።

የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ለተጫነ ዕቃ ስርቆት አይከፍልም። ውድ ዕቃ ካለዎት ለብቻው የጭነት መድን ይግዙ፤ መድኑ ዕቃው ከመጫኑ በፊት መገዛት አለበት።

የዝርዝሩን ቅጽ ከጭነቱ 1 ቀን በፊት እናደርስዎታለን።

ከሰላምታ ጋር
የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅቱ