ለጥንት የባሩድ ጠመንጃዎች ጥገናና ለወጣቶች የኢላማ ተኩስ ሥልጠና የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለወላጆችና ለጥንታዊ መሣሪያ ወዳጆች በሙሉ፦

ማኅበራችን በጥቁር ባሩድ የሚተኮሱ የጥንት ጠመንጃዎችን ጠግኖ ለማቆየትና ወጣቶችን ከኢላማ ተኩስ ጋር ለማስተዋወቅ የጀመረው ሥራ እስካሁን የቆመው በአባላት መዋጮና በበጎ ፈቃድ አሠልጣኞች ጉልበት ነው። ለመሠልጠን የሚመዘገቡት ወጣቶች ቁጥር መዋጮው ከሚችለው በላይ እየሆነ በመምጣቱ ግን የእናንተን እገዛ ለመጠየቅ ይህን ጥሪ አቅርበናል። የሚሰበሰበው ገንዘብ በቅድሚያ የሚውለው ለወጣቶች የሚሆኑ የጆሮና የዓይን መከላከያዎችንና ቀላል የአየር ጠመንጃዎችን ለመግዛት፣ ከኢላማው ጀርባ ያለውን የአፈር መመከቻ ከፍ ለማድረግ፣ እንዲሁም መሣሪያውና ባሩዱ ተለያይተው የሚቆለፍባቸውን ማስቀመጫዎች ለማሠራት ነው። የተረፈው ለአሮጌዎቹ ጠመንጃዎች ጥገና ይሆናል።

ወጣትን ኢላማ ለማስተማር አሮጌ ጠመንጃ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። መልሱ ያለው በአጎራረሱ ላይ ነው። ተኳሹ አስቀድሞ የተለካውን ባሩድ በአፈሙዙ ያፈሳል፤ ቅባት በነካው ጨርቅ የተጠቀለለችውን ድቡልቡል እርሳስ አፈሙዙ ላይ አስቀምጦ ባሩዱ ላይ እስክታርፍ ድረስ በዘንግ እየገፋ ያወርዳል፤ ዘንጉን አውጥቶ ወደ ቦታው ከመለሰና አፈሙዙን ወደ ኢላማው ካዞረ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ፣ እሳት የምትጭረውን ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋል። ከእነዚህ ውስጥ ለወጉ ያህል የሚደረግ አንድም የለም። እርሳሷ ባሩዱ ላይ ሳታርፍ በመካከል ክፍተት ቢቀር በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ዘንጉ ላይ በተደረገው ምልክት የጥልቀቷ ልክ ይረጋገጣል። ባሩድም ከዋናው መያዣ በቀጥታ ወደ በርሜል አይፈስም፤ ከቀደመው ተኩስ የቀረ ፍም ቢኖር እሳቱ ወደ መያዣው ይዘልቃልና። እንዲህ ባለ ሥራ የተጠመደ ልጅ ለመቸኮል ቢፈልግም መሣሪያው ራሱ አይፈቅድለትም።

በባልጩት የሚሠራው ጠመንጃ ደግሞ ከዚህም የጠነከረ መምህር ነው። ቃታው ሲሳብ ብልጭታው መጀመሪያ በጎን ያለውን ጥቂት ባሩድ፣ ከዚያም በጠባቧ ቀዳዳ አልፎ በውስጥ የተጠቀጠቀውን ስለሚያቀጣጥል፣ በቃታውና በተኩሱ መካከል ሰው የሚያስተውለው ቆይታ አለ። በዚያች ቅጽበት ዓይኑን የጨፈነ ወይም ትከሻውን ያነቃነቀ ሰው ይስታል፤ ጥፋቱም ለራሱ ግልጽ ሆኖ ይታየዋል። በአፈሙዝ በሚጎርሱ ጠመንጃዎች በሚካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድርም ተወዳዳሪው በ30 ደቂቃ 13 ጊዜ ተኩሶ የሚያዝለት የ10ሩ ምርጥ ተኩስ ውጤት ነው፤ ከፍጥነቱ ይልቅ እርጋታው የሚፈተንበት ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት ግን ጀማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሮጌ ጠመንጃ ይሰጠዋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1853ቱ የእንግሊዝ ጠመንጃ ኤንፊልድ ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝንና 1 ሜትር ከ40 የሚረዝም መሣሪያ በመሆኑ ለብዙ ወጣቶች አይመችም። ስለዚህ አጀማመሩ በ10 ሜትር ርቀት፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ጥይት በምትተኩስ የአየር ጠመንጃ ሲሆን፣ አያያዙን፣ አተነፋፈሱንና የቃታ አሳሳቡን ያወቀ ወጣት ነው ባሩዱ ተቀንሶለት፣ አንድ አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞለት፣ በድጋፍ ላይ የተቀመጠውን የጥንት ጠመንጃ የሚሞክረው። የአየር ጠመንጃዎቻችን ጥቂት ስለሆኑ ልጆቹ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፉት ተራ በመጠበቅ ነው።

ጥገናውም ቀላል ወጪ አይደለም። ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ የተቀላቀሉበት ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጭስና ጥላሸት ሆኖ የሚቀር ጠጣር ነው፤ በርሜሉ ውስጥ የሚጣበቀውም ዝቃጭ እርጥበት ስለሚስብ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልተቀባ ብረቱን ይበላዋል። አፈሙዝ ጎራሹ ኤንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1866 ከኋላ እንዲጎርስ ተደርጎ በሰናድርነት የታወቀው ጠመንጃ የሚያስፈልገው መለዋወጫ ከገበያ እንደ ልብ የሚገኝ ባለመሆኑ፣ ሞላውና መምቻው ብዙ ጊዜ በባለሙያ እጅ አንድ በአንድ የሚሠራ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬል እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው ጭስ አልባ ባሩድና የእሱ ዝርያዎች በእነዚህ በርሜሎች ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም፤ የሚፈጥሩትን ግፊት አይችሉትምና።

የወላጆች ስጋት ተገቢ ነው፤ ልጁን ያለ ጥያቄ የሚልክልንን ወላጅ እኛው ራሳችን ጥያቄ እንዲጠይቅ እናደርገዋለን። ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ማንም ወጣት አይሠለጥንም፤ መሣሪያ ከቦታው አይወጣም፤ ጣት ከተኩሱ ቅጽበት በፊት ቃታ አይነካም፤ ጠመንጃው ሳይተኩስ ከቀረ አፈሙዙ ከኢላማው ሳይነሳ ይጠበቃል እንጂ ወዲያው አይነካካም። የተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ስለሚያልፍ የጆሮ መከላከያ ያላደረገ ተመልካች እንኳ ወደ መስመሩ አይቀርብም፤ እርሳስ የነካ እጅም ሳይታጠብ ምግብ አይነካም። በፍጥነት ለመተኮስ ብቻ የመጣ ልጅ በዚህ ሁሉ ሥርዓት ሰልችቶት ሊቀር ይችላል። በእኛ እምነት ቢቀር ጉዳት የለውም።

ድጋፉን በገንዘብ ማድረግ የምትፈልጉ ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ እንድታስረክቡ፣ ሲሚንቶ፣ እንጨት፣ አፈር የሚያመላልስ መኪና ወይም የአናጢነትና የብረታ ብረት ሙያ ያላችሁም ያንኑ እንድታበረክቱ እንጠይቃለን። የገቢና የወጪው ዝርዝር ለሰጪዎች ሁሉ በጽሑፍ ይቀርባል።

የጥንት ጠመንጃ መለገስ የምትሹ ደግሞ ሕጋዊ ሰነዱ መሟላቱን አረጋግጣችሁ ከማምጣታችሁ በፊት አሳውቁን። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ለብዙ ዘመን ተሰቅሎ ሳለ በውስጡ ባሩድና እርሳስ እንዳለ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም። ስለዚህ ቆብ አትድፉበት፣ ቃታውንም አትሞክሩት፣ እሳት አታስጠጉት፤ ዘንግ አስገብቶ ጥልቀቱን ከበርሜሉ ውጫዊ ርዝመት ጋር የሚያመሳክር ባለሙያ ያለ ክፍያ ወደ ቤታችሁ እንልካለን።