ያልፈረምኩት ቅጽ

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? «ከረምክ» ማለቴ ራሱ ያሳፍራል፤ ስንት ክረምት አለፈ! ስልክ ልደውልልህ ስንቴ አንስቼ እንደተውኩት እኔና እግዜር እናውቃለን። ይቅር በለኝ። ምክንያቱን፣ ድፍረቱ ካልከዳኝ፣ ወደ ታች እነግርሃለሁ።

የጻፍኩልህ ግን ቸግሮኝ ነው፤ አልዋሽህም። የክርስትና ልጅህ የመንገድ ላይ የሞተር ውድድር እገባለሁ ብሏል። ትራክ ላይ መወዳደሩን ለምጄው ነበር። እዚያ ብትወድቅም ጠጠሩ ውስጥ ተንሸራተህ ትቆማለህ፣ ተነስተህ አቧራህን ታራግፋለህ። አሁን ያማረው ግን የድንጋይ አጥርና የመብራት ምሰሶ ያለበት ነው። 18 ስላልሞላው የወላጅ ፊርማ ያስፈልገዋል። ቅጹ ይኸው ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፣ እስክሪብቶ ተጋድሞበት። እስክሪብቶውን ያጋደመው እሱ ነው። ተንኮሉን ከማን እንደወረሰ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።

ጥፋቱ የኛ ነው፤ የኔ ልበል እንጂ። ሰው ልጁን በተረት ያስተኛል፣ እኔ በሞተር ተወዳዳሪው በጆይ ደንሎፕ። ሰው ፊት መናገር የሚያፍረው የሰሜን አየርላንዷ የባሊመኒ ሰውዬ፣ ቢጫ ሄልሜቱን ሲያጠልቅ ግን ቲቲ የሚሉትን የአይል ኦፍ ማን ደሴት የመንገድ ውድድር 60 ኪሎ ሜትር ዙር፣ ከ200 በላይ ኩርባውን፣ እንደ ዳዊት በቃሉ የሚወጣው። በየ10 ሴኮንዱ አንድ በአንድ እየተለቀቁ ከጎን ካለ ሰው ሳይሆን ከሰዓት ጋር የሚደረገውን ትንቅንቅ ስነግረው ልጁ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያው ድል፣ በ2000፣ በ48 ዓመቱ፣ በአንድ የቲቲ ሰሞን ሦስት አሸንፎ የቲቲ ድሉን 26 ማድረሱ። በቫን ምግብና ልብስ ጭኖ ሮማኒያ ላሉ ወላጅ አልባ ሕፃናት መውሰዱ ሳይቀር።

«ከዚያስ?» ይለኛል። «ከዚያማ ቤቱ ገባ» እለውና መብራቱን አጠፋለሁ።

ታሊንን፣ የኢስቶኒያዋን ከተማ፣ አንድም ቀን አንስቼለት አላውቅም። ወር ሳይሞላው፣ ጁላይ 2 ቀን፣ በዝናብ፣ በ125 ሲሲ ሞተር፣ እየመራ ሳለ ከዛፍ ጋር ተላተመ። መርዶውን የሰማን ዕለት አንተ ምን እንዳልክ አልረሳሁም።

ባለፈው ልጁ ሄልሜቱን አቅፎ፣ መስታወቱ ላይ የደረቁትን ነፍሳት በእርጥብ ጨርቅ እያለሰለሰ፣ ቀና ሳይል «አባዬ፣ ቤቱ አልገባም አይደል?» አለኝ። ለካ ካወቀ ቆይቷል። እኔ ላይ አዝኖ ዝም ብሎኝ ነው። ቀጠለና የጆይን የወንድም ልጅ ማይክልን አመጣብኝ፦ አባቱ ሮበርት እ.ኤ.አ. በ2008 ኖርዝ ዌስት 200 በሚሉት የሰሜን አየርላንድ የመንገድ ውድድር ልምምድ ላይ ሞቶ፣ ልጁ በሁለተኛው ቀን እዚያው ወጥቶ አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ የአጎቱን 26 የቲቲ ድል አለፈ። እሱ ማስረጃ ብሎ ነው የሚያቀርብልኝ። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው፦ ጆይ፣ ሮበርት፣ በ2018 የማይክል ወንድም ዊልያም። ከአንድ ቤት ሦስት።

አሁን ያቺን ነገር ልንገርህ። አንተ የወደቅክ ጊዜ አልመጣም ብለህ ተቀይመኸኛል። መጥቼ ነበር። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብርቱካን ይዤ፣ በበሩ ክፍተት እግርህ ተሰቅሎ፣ ብረቱ ከቆዳህ ወጥቶ አየሁና ተመለስኩ። ብርቱካኑን ለጥበቃው ሰጠሁት። በማግስቱ ሞተሬን ሸጥኩ፤ «ገንዘብ ቸግሮኝ ነው» ያልኩህ ውሸት ነው። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልደውል?

እና እባክህ አንድ ቅዳሜ ና። ሱሪህን ሰብስበህ ጉልበትህን አሳየው። ወይም... እንጃ፣ አታሳየው። አንተ ጉልበትህን እያሳየህ ስለዚያች ኩርባ ማውራት ከጀመርክ ዓይንህ እንደሚበራ አውቃለሁ፣ ያን ካየ ደግሞ ጨርሶ አይመለስልኝም። ብቻ ና። ቅጹን እስክትመጣ አልነካውም። የሚጽፈው ሌላ እስክሪብቶ ስላጣሁ ይህን ደብዳቤም በዚያው በሱ ነው የጻፍኩት፤ ሲያየኝ ፈረመ ብሎ ሮጦ መጣ።

ወንድምህ