የግቢው አንድ ጥግ ሳይታጨድ ይቆይልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ብዙ ትምህርት ቤቶች የክረምቱን ሣር ከአጥር እስከ አጥር ያጭዳሉ። ግቢው ይጸዳል፤ ፌንጣው፣ ጥንዚዛውና ሸረሪቱም አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ነፍሳት የምናስተምረው ሰሌዳ ላይ በተሳለ ፌንጣ ነው። ርእሳነ መምህራንን የምንጠይቀው ከመማሪያ ክፍሎች ራቅ ያለ፣ 4 በ5 ሜትር የሚሆን ጥግ፣ ተማሪዎች ነፍሳትን ይዘው በዓይናቸው እያዩ እንዲማሩበት፣ እስከ ኅዳር ሳይታጨድ እንዲተውልን ነው። የእባቡ ስጋት ተገቢ ስለሆነ ዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ይታጨድና ተማሪው ከጠርዙ ሆኖ ይሥራ።

ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መሬት ለመሬት የሚሄዱትን ለማጥመድ የሃይላንድ ጠርሙስ የታችኛው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍሉ ተቆርጦ፣ የተቆረጠው አፉ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ይቀበራል። ጠርዙ ጥቂት እንኳ ከፍ ካለ ነፍሳቱ ዞረውት ያልፋሉ። ሸንተረር ያለበትን የጠርሙስ ግድግዳ ተንጠላጥለው ስለሚወጡ ለስላሳው ይመረጥ። ታቹ በጋለ ምስማር ካልተበሳ ዝናብ ሞልቶ ያሰጥማቸዋል። ውስጡ ደረቅ ቅጠል ጣል ይደረግ፤ መደበቂያ ከሌለ ሸረሪቱና ጥንዚዛው ሌሎቹን በልተው ጠዋት የሚገኘው ክንፍና እግር ብቻ ይሆናል። ማታ የተቀበረው ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ታይቶ ይነቀል።

ቁጥቋጦ ላይ ያሉት እንዲረግፉ ደግሞ ነጭ አቡጀዲ ከሥሩ ተዘርግቶ ቅርንጫፉ 5 ወይም 6 ጊዜ በዱላ ይመታል። ፀሐይ ሳትበረታ ቢሆን ይሻላል፤ ብርዱ ስላደነዘዛቸው ቶሎ አይበሩም።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ቆጠራው ላይ ነው። ተማሪው «እግር ቁጠር» ብቻ ከተባለ የጉንዳኑን ሁለት አንቴናዎች ጨምሮ 8 ይላል፤ ከሸረሪቷ አፍ አጠገብ ያሉትን ሁለት አጫጭር መዳሰሻዎች ደምሮ ደግሞ 10 ያደርጋታል። የፊት እግራቸውን እንደ አንቴና አንሥተው የሚሄዱ፣ ቁርጥ ጉንዳን የሚመስሉ ሸረሪቶችም አሉ፤ መምህርንም ያሳስታሉ። ስለዚህ አስቀድሞ የአካል ክፍሉ ይታይ። ነፍሳት ራስ፣ ደረትና ሆድ አላቸው፤ 6ቱም እግሮች የሚወጡት ከደረት ነው። የሸረሪት ራስና ደረት ግን አንድ ላይ የተዋሐደ ነው፤ 8ቱም እግሮች ከዚያ ይወጣሉ፤ አንቴናም ክንፍም የላትም።

ድንጋይ ሥር ጊንጥ ስለማይታጣ በጣት ሳይሆን በዱላ ይፈንቀል። የንብ መንደፍ ክፉኛ የሚያሳብጠው ተማሪ ካለ ከመውጣታችን በፊት ይጠየቅ። የተያዘው ነፍሳት ያለበት ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ነፍሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ ጥላ ሥር ታይቶ ከተያዘበት ቦታ ይለቀቅ።

ዘንድሮ አጭደው የጨረሱ ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ የአጥሩ ሥር ቁጥቋጦ ከተረፈላቸው በአቡጀዲው መጀመር ይችላሉ።

የሥነ ሕይወት መምህራን