ፕሪንተር አልነበረም

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እዚህ እንግሊዝ ዛሬም ያካፋል። የድሬን ሙቀት ሳማርር የኖርኩት ልጅ፣ አሁን ከዚራ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ላቤን መጥረግ አማረኝ።

ባለፈው ስንደዋወል ከኋላዬ «ጢጥ ጢጥ» የሚል ድምፅ ሰምተህ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» አልከኝ። ፕሪንተር ነው አልኩህ። ዋሽቼህ ነው። የካርቶን መለያ የሚያነብ ስካነር ነው። የምሠራው ቢሮ ሳይሆን መጋዘን ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሌሊት፣ አሥር አሥር ሰዓት። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አያሠራም። እኔም አንዷን ሰዓት አላስቀርም።

ያልነገርኩህ እንዳይከፋህ ነው። «እኔ ሸመንደፈር መጋዘን ያረጀሁት አንቺ ወንበር ላይ እንድትቀመጪ ነው» ትለኝ ነበር። ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ልማር ነው ስልህ ደግሞ ምንድን ነው ብለህ ጠየቅከኝ። ግማሽ ሰዓት አስረዳሁህ። «ታዲያ መጋዘን ነዋ!» ብለህ ሳቅክ። ብዙም አልተሳሳትክም። መርከቡን፣ ባቡሩንና ገዢውን ብቻ ጨምርበት።

በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሁለት ካርቶን ያለቦታው ደረደርኩ። ኮምፒውተሩ ዕቃው አለ ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። አለቃዬ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ከዚያ ወዲህ ስካነሩ ጢጥ ቢልም ባይልም በእጄ እየነካሁ እቆጥራለሁ። ከማን እንደተማርኩት ታውቀዋለህ።

ክፍል ውስጥ ያለው ሌላ ጉድ ነው። መምህሮቹ በስማቸው ነው የሚጠሩት። ሌሎቹ የውጭ ተማሪዎች ይሄ ሲከብዳቸው እኔ ምንም አልመሰለኝም። አንቱታ የማይወደድበት ከተማ ነዋ ያደግኩት! የከበደኝ ጽሑፉ ነው። የመጀመሪያውን ሥራዬን ሊቃውንቱ ያሉትን ሁሉ አሳምሬ ደርድሬ ሰጠሁ። መምህሯ ዳር ላይ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ጻፈችበት። ውጤቱ ለጥቂት ነው ያለፈው። አቦ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ስማር አንድም ቀን እንዲህ ተብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን ደግሞ «የቢራ ጨዋታ» ተጫወትን። ለእማዬ ስሙን አትንገራት፣ ቢራ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ፣ ኤምአይቲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ነው። አንዱ ቸርቻሪ፣ አንዱ ጅምላ ሻጭ፣ አንዱ አከፋፋይ፣ አንዱ ፋብሪካ ይሆናል። ማውራት ክልክል ነው። የትእዛዝ ወረቀት ብቻ ነው የሚተላለፈው። እኔ ፋብሪካ ሆንኩ። መጀመሪያ ትእዛዙ ትንሽ ነበር። ከዚያ ጨመረ፣ ከዚያ እጥፍ ሆነ፣ ከዚያ አበደ። እኔም አመረትኩ፣ አመረትኩ። ድንገት ትእዛዙ ዜሮ ሆነ። መጋዘኔ ሞልቶ ቀረ። በመጨረሻ ወረቀቱ ሲገለጥ፣ ገዢው ያደረገው ነገር ቢኖር በሳምንት አራት ሳጥን ይወስድ የነበረውን አንዴ ስምንት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለም።

ይሄን በጅራፍ ይመስሉታል። ቡሄ ላይ እጅህን ትንሽ ነው የምታወዛውዘው፣ የሚጮኸው ጫፉ ነው። ለእኛ ሰፈር ግን የስኳሩ ነገር ይቀርባል። «ስኳር ሊጠፋ ነው» ተባለ እንበል። አንድ ኪሎ የሚገዛው አምስት ይገዛል። ባለሱቁ ያን አይቶ ከጅምላው አሥር እጥፍ ይጠይቃል። ስኳሩ የእውነት ይጠፋል። በየሰው አልጋ ሥር ነው ያለው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ባዶ ኮንቴይነር ነው። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው በጣም ስለሚበልጥ፣ ከጅቡቲ ሞልቶ የመጣ ኮንቴይነር አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚወርደው። ባዶም ቢሆን ማጓጓዣው ይከፈልበታል፣ ከዘገየም ቅጣት አለው። የአዲሱን ባቡርና የድሬዳዋን ደረቅ ወደብ ነገር የሚያወራ ጽሑፍ አገኛለሁ። የድሮውን፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬ የደረሰውን መስመር ግን ፉርጎ በፉርጎ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከአንተ በቀር።

እነዚያ ደብተሮችህ ቆርቆሮው ሳጥን ውስጥ አሉ አይደል? እማዬ ለከሰል ማቀጣጠያ ልታደርጋቸው ስትል የተጣላችሁባቸው። የፉርጎ ቁጥር፣ ምን ጭኖ እንደመጣ፣ ምን ጭኖ እንደወረደ። በክር የታሰረችዋን እርሳስ ጫፏን በምላስህ እያራስክ ስትጽፍ ይታየኛል። ወንድሜ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ይላክልኝ። ደብተሮቹን ራሳቸውን ግን ለማንም እንዳትሰጥ፣ በፖስታም እንዳትልካቸው። ጽሑፉን የማስገባው መስከረም ላይ ነው፣ ሰኔ ሳይወጣ ቢደርሰኝ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ደብተርህን ሳገላብጥ፣ አንዳንዱ ፉርጎ ጎን ትንሽ ክብ ነበረች። ባዶ ማለት ነው? ወይስ ሌላ? ብጠይቅህ «የሥራ ነው» ብለህ ዘጋኸው። አሁን እኔም የመጋዘን ሰው ሆኛለሁ፣ ንገረኝ።

ልጅህ