የእናት ሥራ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን አለሽ? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ያ ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስኳሩ ብቻ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ለእናትሽ ለቅሶ አልደረስኩም። ያኔ ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ ግን ሲሻለኝስ? አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸው አለፈ። ቀኑ በራቀ ቁጥር ስልክ ማንሳት አሳፈረኝ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

አሁን ያስጻፈችኝ የልጅ ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት ስለ ቤተሰብ ጠይቃችሁ ጻፉ ተብለው ደብተሯን ይዛ መጣች። «አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?» አለችኝ። «የምድር ባቡር ሠራተኛ» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። «እናትሽስ?» አለች። እኔም ምንም ሳላስብ «የቤት እመቤት» አልኩ። ጻፈችው። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እማዬ መቼ ነው ቤት የዋለችው?

አንቺ ልጅ፣ እኛ ስናድግ የወንዶቹ ሥራ ሁሉ ስም ነበረው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ አይደለች? ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ከሥር ቀረና በ1895 ዓ.ም. ከተማዋን ወለደ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፤ ትልቁ መጠገኛ ደግሞ እኛው ጋ፣ አተልዬ። ፈረንሳዮቹ በቋንቋቸው የሚጠሩትን አባቶቻችን እንደሚመቻቸው አድርገው ወሰዱት። «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው ማለት፣ ለገሃር ሆኖ ቀረ።

አባዬ እሳት አንዳጅ ነበር፤ በእንፋሎቱ ዘመን። በዚያ የድሬ ሙቀት ላይ የምድጃ እሳት ጨምሪበት። ስለ «ሹፌር» የሚላትን ታስታውሻለሽ? በፈረንሳይኛ ቃሉ መጀመሪያ የሚያሞቅ፣ እሳት የሚያነድ ማለት ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ባየ ቁጥር «እሱ ምኑ ሹፌር ነው፣ ሹፌሩ እኔ» ይል ነበር። በ1940ዎቹ የናፍጣው ባቡር ሲመጣ እሳቱም ሥራውም ጠፋ፤ እሱን ወደ አተልዬ አዛወሩት። የሥራ መታወቂያው ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ፎቶ፣ ቁጥር፣ ማኅተም።

የእማዬስ? አንድ ብጣሽ ወረቀት የለም።

ቡና ለቃሚ ነበረች። የሐረርጌ ቡና ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ወደ ጅቡቲ ከመጫኑ በፊት ድሬ መጋዘን ይገባ ነበር። እዚያ ሴቶቹ መሬት ላይ ተደርድረው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ወንዶቹ ጆንያ ይሸከማሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ። ስድሳ ኪሎ ጆንያ ተሸካሚው ኩሊ ተባለ፤ መዝጋቢው ጸሐፊ ተባለ። የጆንያውን ፍሬ በሙሉ በጣቷ የነካችው ሴት ግን «ሴትዮዋ» ነበረች። ክፍያው በለቀሙት ልክ ነው። እማዬ የነበረችበት መጋዘን መዛኙ እጁ ሚዛኑ ላይ ይከብድ ነበር። ማን ይናገረዋል? ነገ ደጅ ላይ «ሞልቷል» ቢባሉስ? ታናሽ ወንድሜ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የዚያን መጋዘን አቧራ ሲስብ ነው ያደገው። እስከ ዛሬ ቡና ሲወቀጥ ያስነጥሰዋል፤ እኔ በሱ ላይ እስቃለሁ።

በ1955 ዓ.ም. የአገሪቱ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲያቋቁሙ አባዬ ማታ ጓደኞቹን ሰብስቦ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ጡረታ ሲያወራ አመሸ። እማዬ ቡናውን አፈላች፣ ሦስተኛውን ቀዳች። እሷን የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ልጅ ነበርኩ ልበልና ልለፈው።

ኮተን ፋብሪካ የገቡትስ ቢያንስ በመስመር ቆመው ደመወዝ ይቀበሉ ነበር። ደግሞ የሚገርመኝ፣ በአገራችን ጥጥ የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማኔው ወንድ። የሴቶቹ እጅ ክሩን ለምዶት የኖረ ነው። ግን ፋብሪካው ሲከፈት «ባለሙያ» የተባለው ማሽኑን የሚፈታው ሰው ሆነ።

እና እናትሽ! እትዬን ሳስብ ሳቄ ይቀድመኛል። ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ቀጭን፣ ሲመለሱ ወፍራም። ፊናንሱ፣ የኬላው ፈታሽ፣ «እማማ፣ በሦስት ቀን ይህን ያህል ወፈሩ?» ሲላቸው «የባሕር አየር ተስማምቶኝ ነው» ብለው ጥርሳቸውን ያሳዩታል። ከቀሚሱ ሥር ቀሚስ፣ ከዚያ ሥር ሽርጥ፣ ከዚያ ሥር እግዜር ይወቀው። ቤት ገብተው እየገፈፉ ሲጥሉት እኛ ከሥር እንለቅማለን። የመጀመሪያዋን የናይለን ሸሚዜን ያለበሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ገና ሙቀታቸው ነበረባት። አቦ፣ ያንን ሥራ ምን ብለሽ ቅጽ ላይ ትሞያለሽ? ኮንትሮባንድ የሚለው የመንግሥት ቃል ነው። አራት ልጅ አስተምረውበታል።

ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ በመስኮት ወተት፣ እንቁላል፣ ብርቱካን የሚያቀብሉትን ደግሞ አስቢ። ቀፊራ ገበያ የሚቀመጡትን፣ ከገጠር እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን፣ ጫት የሚሸጡትን። አባቶቻችን ባቡሩን አንቀሳቀሱት፤ ከተማውን ግን ማን አበላው?

በማግስቱ ልጅቷን ጠርቼ ደብተሯን አስወጣኋት። «የቤት እመቤት» የሚለውን ሰርዛ «ቡና ለቃሚ» ብላ ጻፈች። «አያቴ፣ ይሄ ሥራ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቡና ከጓዳ አምጥቼ ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩላትና ልቀሚ አልኳት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወገቧን ያዘች።

ለጥምቀት ድሬ እመጣለሁ። መጀመሪያ እትዬ መቃብር ትወስጂኛለሽ፤ የዘጠኝ ዓመት ለቅሶዬን እዚያ አወርደዋለሁ። ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሰፈር እንግባ፤ የመጋዘኑን በር እንፈልገው።

እስከዚያ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ማስታወስ አቃተኝ። እማዬ ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ የምትመጣው አርብ ነበር ወይስ ቅዳሜ?

የአንቺው፣
የእሳት አንዳጁና የቡና ለቃሚዋ ልጅ