የአዝማሪው ቅጂ ከነስሙና ከነፈቃዱ ይሰራጭ

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ከደብረ ማርቆስ እስከ ቢቸናና ሞጣ በየሠርጉና በየአዝማሪ ቤቱ በስልክ የሚቀረጹ ዘፈኖች የዘፋኙ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ሳይገለጽ፣ ይልቁንም ፈቃዱ ሳይጠየቅ በቴሌግራም ቻናሎች ይሰራጫሉ። ቅጂ መለዋወጥ በራሱ ጥፋት ነው አልልም፤ በፈቃድ ሲሆን ሙዚቀኛውን እንደሚደግፍ የሚያሳይ የቆየ ልምድ አለና።

ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 በኮንሰርቶቹ ላይ ለሚቀርጹ አድማጮች የተለየ ቦታ መደበላቸው፤ ቅጂውን መሸጥ ተከልክሎ በነጻ መለዋወጥ ተፈቀደ። ኢትሪ የተባለው የአድማጮች ማኅበረሰብ በ1998 ልማዱን ወደ ኢንተርኔት አሻገረው፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የድረ ገጽ ቤተ መዛግብት የፈቀዱ ሙዚቀኞችን የመድረክ ሥራዎች ቀኑንና ቦታውን እየጠቀሰ ያኖራል። ለገበያ የወጣ አልበም በዚህ ልውውጥ ውስጥ አይገባም። ባንዱ በየመድረኩ የሚጫወተው የተለያየ ስለነበር፣ ቅጂውን የሰማ ሰው ለሚቀጥለው ኮንሰርት ትኬት የሚገዛበት ምክንያት ነበረው።

ለእኛ አዝማሪዎች ይህ አሠራር ይበልጥ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። አዝማሪው «ተቀበል» ተብሎ ከታዳሚው የሚሰጠውን ግጥም በማሲንቆው ሲያዜም፣ ስንኙ በየትኛውም አልበም አይገኝም፤ ካልተቀረጸም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሚቀርጸው ሰው ለባህላችን ባለውለታ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ያልተቀረጸ ክዋኔ እንዲቀረጽ የመፍቀድ መብት የከዋኙ ነው። ግንባሩ ላይ ብር ለጥፎ የሚሸልመው ሰው በዚያው ፈቃዱን መጠየቅ አያቅተውም።

ቻናል የከፈቱ የአካባቢያችን ወጣቶች ያልተፈቀደ ቅጂና ለገበያ የወጣ ሥራ ላለመልቀቅ፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የአዝማሪውን ስም፣ የሚጫወትበትን ቤትና፣ እርሱ ከወደደ፣ የቴሌብር ቁጥሩን ለማስፈር ቢስማሙ፣ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያዳምጥ የጎጃም ልጅ ካለበት ሊሸልመው ይችላል። አዝማሪዎቹ ራሳቸው በምን ሁኔታ እንደሚፈቅዱ ግን ከእነርሱ አንደበት መስማት ያስፈልጋል፤ ዝግጅት ክፍላችሁ እነርሱንና የቻናል ባለቤቶችን በአንድነት እንዲያወያይ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ደብረ ማርቆስ