ስለ ወንድምሽ ክራር

ሐዋሳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ደህና ነን።

እሑድ ስትደውዪ «የ8ኛ ክፍል ፈተና ደርሶበት ክራር ታስተምሪዋለሽ?» አልሽኝ። በስልክ መልስ አጠረኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ክራር ስለያዘ ሂሳብ ይጎብዛል አልልሽም። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፣ የጀመረው ነገር ላይ አምስት ደቂቃ አይቆይም ነበር። አሁን ቅዳሜ ከወጣት ማዕከሉ ሲመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይቃኛል። ክሮቹ 6 ናቸው። አንዱን ያጠብቅና ይመታዋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ ያላላል፣ ደግሞ ያጠብቃል። ትዝታ ሲጫወት ቆይቶ ባቲ ካሰኘው የተወሰኑትን ክሮች እንደገና መቃኘት አለበት። አምባሰልና አንቺሆዬም እንዲሁ የየራሳቸው ቅኝት አላቸው። ማንም «ተሳስተሃል» አይለውም፤ ስህተቱን በገዛ ጆሮው ሰምቶ፣ ሳይነጫነጭ ያርማል። ይህን ሌላ ትምህርት ላይ አይቼበት አላውቅም።

ማዕከሉ ውስጥ ደግሞ ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከከበሮ ጋር አብረው ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሄጄ አየሁ። እሱ ሲቸኩል ከበሮ የምትመታው ልጅ ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው ቀዝቀዝ አለ። እኔ 13 ዓመት ሙሉ «ቀስ በል» ብዬው ያልሰማኝ ልጅ!

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። 5ኛ ክፍል ሳለሽ ክራር እንድገዛልሽ ለምነሽኝ ነበር። «ደግሞ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» አልኩሽ፣ ያውም ጎረቤት ፊት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሽኝም። ያን ቃል ከየት እንዳመጣሁት ሳስበው ያመኛል። አያትሽ መሪጌታ እኮ ነበሩ። ልጅ ሆነው ከቤታቸው ወጥተው፣ በቀለብ እጦት እየተንገላቱ፣ ሦስቱን የቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን በቃላቸው ይዘው፣ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄደው ድጓ የሚባለውን የዜማ መጽሐፍ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ለዜማ ሲሰጡ «ምን ሊጠቅምህ ነው?» ያላቸው አልነበረም። በዜማ የታነጸ ሰው ያሳደገኝ እኔ ግን የልጄን ዜማ በአንድ ቃል ዘጋሁት። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ለፈተናው አትስጊ፤ ማታ ማታ ያጠናል፣ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ክራር ጨምሬ ገዛሁ። መኝታ ቤትሽ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ወንድምሽ ሊቃኘው ፈልጎ ነበር፣ ከለከልኩት። ለክረምት ስትመጪ አንቺው ትቃኚዋለሽ፤ እሱ ያሳይሻል።

እናትሽ